ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ይመለሳል ወይ

ሚያዝያ 3 ቀን 1931፣ ማክሰኞ፣ ደብረ ማርቆስ

ይህን ደብተር ከመሐንዲሱ ሣጥን ሰረቅሁት። ወረቀቱ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ተሰምሮበታል፤ ለቁጥር የተሠራ ነው እንጂ ለወሬ አይደለም። ለንስሐ አባቴ አልነገርሁም። የጠላትን ወረቀት መስረቅ ኃጢአት መሆኑን በመጽሐፍ እስካላየሁ ድረስ አልነግርም፤ ፈልጌም አላይም።

ሰው እጅ ቢገባ አንገቴ ይሄዳል። ባለቤቴ ይታይሽ ከስፌቷ አክርማ ሥር ትደብቅልኛለች። «ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። «እንዳይረሳኝ ነው» አልኋት። «አንተ ምን ረስተህ ታውቃለህ፤ ቂም እንኳ አትረሳም» አለች።

እኔ ታረቀኝ ነኝ። ዲማ ባሕረ ሐሳብ ተማርሁ፣ አሥመራ ማተሚያ ቤት ሰባት ዓመት ሠራሁ፣ ከዚያ የተረፈኝ ጣልያንኛ ይኸው የመሐንዲስ ፋቢያኒ አስተርጓሚ አደረገኝ። ከተቀጠርሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ገበያ ላይ ስሜ ሌላ ነው። ዛሬ አንዲት ጌሾ ሻጭ ለጎረቤቷ «የጣልያን አፍ መጣ» ስትላት ሰማሁ። ጌሾውን ገዛሁ። እንዳልቀየማት ፈርታ ጨምራ ሰፈረችልኝ። ስድቡን እችለዋለሁ፤ ያልቻልሁት ጭማሪውን ነው።

ከሰዓት በኋላ እማሆይ ጥሩብርሃን ምጽዋት ሊለምኑ መጡ። ከዱቄት ሌላ ወሬም በአገልግላቸው ይዘው እንደሚዞሩ የሚያውቅ ያውቃል። የላካቸው የይታይሽ ወንድም ውበቱ ነው፤ ጫካ ከገባ ዓመት አልፎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማጆሩ፣ የጣልያኖቹ ሻለቃ፣ ከአምበር በዲማ በኩል እስከ በረሃው አፋፍ የመኪና መንገድ እንዲቀየስ አዟል። መሐንዲሱ ችካሉን ክረምት ሳይገባ ተክሎ ከጨረሰ ወታደሩ በመኪና ይከተላል። ከአፋፉ ሥር ባለው ዋሻ ደግሞ መንደሩ የተቃጠለበት ሰው፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ ተሸሽጓል። አማቴ ወይዘሮ የዓለምዘርፍም እዚያ ናቸው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ከያዘ ያ መረሬ አፈር እንኳን መኪና በቅሎም አያሳልፍ፤ እስከ መስከረም ይተርፋሉ። እስከዚያ ውበቱ ሌላ ቦታ ያገኝላቸዋል።

«ውበቱ ምን አለ መሰለህ» አሉኝ እማሆይ። «ሰውየውን እንዳትነካብኝ፣ እሱ ቢሞት ሌላ ያመጣሉ፤ አዘግይልኝ ብቻ አለ።»

«በምን ላዘግየው እማሆይ?»

«የተማርኸው አንተ ነህ። እኔን መሃይሟን ትጠይቀኛለህ?» ብለው ዱቄታቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ሚያዝያ 5

መሐንዲሱን የሚያዘገይ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ጠጅ አይጠጣም። ካርታ አይጫወትም። ለሴት ዓይኑን አያነሣም። ጠዋት ከወፍ ቀድሞ ይነሣል። ባለ ሦስት እግር የመሬት መለኪያ መነጽሩን የሚሸከምለት ቢተው «ይኸ ሰውዬ መቼ ነው የሚታመመው?» አለኝ። ሁለታችንም በተስፋ አየነው። ጤነኛ ነው።

ሚያዝያ 8፣ እሑድ

አገኘሁ። ሳልፈልግ ነው ያገኘሁት።

ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ መነጽሩን ይወለውላል። ዝም ማለቱ ሰለቸኝና «ሲኞር፣ ምድር ድቡልቡል ናት ይላሉ። ታዲያ መንገዱን ቀጥ አድርገን እንቀይሳለን የሚሉት እንዴት ነው?» አልሁት።

ጨርቁን አስቀመጠ። «ግልጽ ያልሆነ ጥያቄ አልመልስም። ቀጥ ስትል ምን ማለትህ ነው? ከዚህ እስከዚያ ካሉት መንገዶች ሁሉ የሚያጥረውን ነው? ወይስ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይታጠፍ የሚሄደውን?»

«ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?»

«አሁን ግልጽ ጠየቅህ» አለና ተነሣ።

ሎሚ አመጣ፣ ክር አመጣ። ሎሚው ላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ አደረገ። ክሩን ከነጥብ ነጥብ ወጠረ፤ ይኸ አጭሩ ነው። ቀጥሎ በዚያው መስመር ክሩን በወዲያኛው ወገን አዞረው። ይኸኛውም የትም አልታጠፈም፤ ግን ረጅም ነው። ገባኝ። ከደብረ ማርቆስ አምበር ለመውረድ ፊቱን አዙሮ ተነሥቶ፣ ባሕሩን የብሱን አቋርጦ፣ ዓለምን ዞሮ በወዲያ በኩል አምበር የገባ ሰው ቀጥ ብሎ ሄዷል። ገበያው ግን ተበትኖ ይጠብቀዋል። ይህን ብነግረው ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው፤ ጥርሱ የልጅ ነው።

የኔታ ወልደ ሰንበት ዲማ ያስተማሩኝ ጊዜ፣ የተንዛዛ ጥያቄ ያመጣን ተማሪ ጥያቄውን አሳጥሮ እስኪመለስ ከደጅ ያቆሙት ነበር። ይህ ሰው ከየት አገኛቸው?

ነገ ጎሕ ሲቀድ ወደ አምበር መነሣት ነበረብን። «ነገ ይህንን በሥዕል አሳይሃለሁ፣ ማክሰኞ እንሄዳለን» አለኝ። አንድ ቀን ሰረቅሁት።

ሚያዝያ 11፣ አምበር

ሁለተኛ ጥያቄ። ሳይታጠፍ የሄደ ሰው ወደ ተነሣበት ይመለሳል ወይ? «በምን ላይ? ስትጠይቅ ቦታውን ንገረኝ» ብሎ ከለከለኝ። ሌሊቱን አስቤ ጠዋት አሳምሬ አቀረብሁ፦ በኳስ ላይ፣ በዱባ ላይ፣ ወገብ ባለው ቅል ላይ። ሦስቱንም ለየብቻ። ደስ አለው። «ለዚህ ሦስት ቀን ያስፈልገኛል» አለ።

ሦስት ቀን! ችካል ተሸካሚዎቹ ዛፍ ሥር ተኝተዋል። እሱ እንኳ ከሰዓት በኋላ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ሲያንጎላጅ አየሁት። የሒሳብ ሰው ሲያስብ እንደዚያ ነው መሰለኝ።

ሚያዝያ 14፣ ቅዳሜ

መልሱን ሰጠኝ። በኳስ ላይ ሁሌም ይመለሳል። በዱባ ላይ በአንዳንድ አቅጣጫ ይመለሳል፣ በሌላው ግን ሲዞር ሲዞር ይኖራል እንጂ የራሱን ዱካ አይገጥምም። ቅሉ ላይ ክሩን ወገቡ ላይ አሥሮ ሳበ፤ ጠበቀ፣ ወዴትም አልተንሸራተተ። «ተዘግቶ የቀረ ቀጥተኛ መንገድ ይኸ ነው» አለ።

እኔ ይህን የምጽፈው ለውበቱ ሪፖርት ይሆናል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቅሉን ቤት ይዤ የመጣሁትም ለውኃ ነው።

ሚያዝያ 18

ይታይሽ «ቅሉን ምን አድርጎህ ነው ሌሊቱን የምታሻሸው?» አለች። ነገርኋት። ስፌቷን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ። ከዚያ ጋን የምታስቀምጥበትን የሣር ቀለበት፣ ማቶቱን፣ በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። «እዚህ ቀዳዳው ውስጥ አሳልፈህ ብታሥረውስ? ይኸ ክር ካልበጠስኸው በቀር ወዴት ይወጣል?» አለች።

እኔ አሥር ቀን ያልታየኝ ነው።

ጠዋት ጥያቄውን በራሴ ስም አቀረብሁ። መሐንዲሱ ማቶቱን ይዞ በር ላይ እየተንጎራደደ ምሳውን ረሳ። ቀዳዳ ባለው ነገር ላይ በቀዳዳው ያለፈ ክር ተወጥሮ ተወጥሮ የግድ ቀጥ ይላል፣ ቁልቁል የሚያመልጥበት የለውም አለኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ራስህ ነህ ያሰብኸው?» «አዎን» አልሁ። ከደብተሩ ይልቅ ይኸኛው ስርቆት ነው የከበደኝ። ማስረጃውን ለመሥራት ግን አራት ቀን ያስፈልገኛል አለ።

ሚያዝያ 22

እስከ ዛሬ ያለው ሥራ፦ ሁለት ኮረብታ ላይ መነጽር ተተክሎ ተለክቷል። ሦስተኛው፣ የዲማው በኩል፣ ቀርቷል። በየኮረብታው አናት በኖራ የተቀባ የድንጋይ ክምር አለ፤ ላዩ ላይ ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል። ከአንዱ ቆሞ ሌላውን በመነጽር ያነጣጥራል፣ ማዕዘኑን ይጽፋል። ሦስቱ ማዕዘን ሲደመር መቶ ሰማንያ ዲግሪ ካልመጣ ስህተት አለ ማለት ነው።

ነገ የዓመቱ ጊዮርጊስ ነው። አገሩ ሁሉ ወደ ዲማ ይጎርፋል። ሠራተኛ አይገኝም፤ ቢገኝም ከቶ ችካል አይነካም። ይህንን በዓል እኔ አላመጣሁትም፤ ሆኖም ከቆጠራዬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ሚያዝያ 27

ሦስተኛው ኮረብታ ተለካ። ተደመረ። መቶ ሰማንያ ሁለት።

እንደገና ለካ። መቶ ሰማንያ ሁለት።

መነጽሩን ፈታ፣ ወለወለ፣ ገጠመ። መቶ ሰማንያ ሁለት።

ቢተው «በሁለት ቢበልጥ ምን አለበት?» አለኝ። እኔ ግን ገብቶኛል። የውበቱ ሰዎች ክምሩን አንቀሳቅሰውታል። ሳይነግሩኝ። ማጆሩ ቢሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው አስተርጓሚውን ነው፤ ቀጥሎ ወታደሩን ወደዚያ አገር ይነዳል፣ ዋሻውም እዚያው ነው። እባክህ አዘግይ ብሎ የላከብኝ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል?



ግንቦት 1፣ ማታ

ዛሬ ቂልነቴ በአናቴ ላይ ተደፋ። በሙሉ እጽፈዋለሁ።

የፈራሁትን ለመሸፈን ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አምስት ቀን አሰላስዬ፣ አሳጥሬ፣ ግልጽ አድርጌ ጠየቅሁት፦ «ሲኞር፣ ሦስት ቀጥተኛ መንገዶች ጎባጣ ምድር ላይ ቢገናኙ ማዕዘናቸው ከመቶ ሰማንያ አይበልጥም ወይ?» ሎሚውን ራሴ አቀረብሁለት። ሎሚ ላይ በክር ሦስት ማዕዘን ሠርቼ እንደሚያብጥ አሳየሁት። ምድር ስለጎበጠች ነው የበለጠው፤ ማንም ምንም አልነካም፤ ሥራው ይቀጥል፣ እኔም ልትረፍ። ይኸ ነበር ብልሃቴ።

ዓይኑ በራ። «ይበልጣል! ይህንን ማን ነገረህ?» አለ። ወረቀት ሳበ። «ምን ያህል እንደሚበልጥ ካወቅህ፣ ምድር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነች ታውቃለህ። እስቲ በእኛው ሁለት ዲግሪ እናስላ።» ይጽፋል፣ ያባዛል፣ ሥር ያወጣል፤ እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ እርሳስ እቀርጽለታለሁ። ጨርሶ ወረቀቱን ወደኔ አዞረው።

«በዚህ ልኬት» አለ «ከደብረ ማርቆስ በምሥራቅ በር ቀጥ ብሎ የወጣ ሰው፣ ምድርን ሁሉ ዞሮ፣ በአሥረኛው ቀን በምዕራብ በር ይገባል። ሮማ የለችም፣ ኢየሩሳሌም የለችም፤ የሚበቃ ቦታ የለም።» ወረቀቱን በጣቱ መታ አደረገ። «እውነተኛው ምድር ለዚህ ለእኛ ሦስት ማዕዘን የሚጨምረው ከአንድ ዲግሪ ከብዙ ሺህ እጅ አንዱን ነው። ስለዚህ ታረቀኝ፣ ወይ ዓለም ትንሽ ናት፣ ወይ ድንጋዩ ተራምዷል።»

እያየኝ ነው። እኔ እርሳሱን አየሁ። ቀርጬ ቀርጬ ጉማጅ አድርጌዋለሁ።

ግልጽ ጥያቄ አሰማምሬ የሚስቴን ወንድም በእጄ አሳልፌ ሰጠሁ። «ነገ እናየዋለን» ብሎ አሰናበተኝ። ነገ ለሰው ሁሉ ይነጋል፤ ለእኔ ግን የሚነጋ አይመስለኝም። ይታይሽ ፊቴን አይታ አልጠየቀችኝም፤ ጋቢዬን ብቻ አለበሰችኝ።

ግንቦት 2

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጎሕ ሲቀድ እማሆይን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘኋቸው። «ውበቱን ምን አደረግሁት? ድንጋይ ለምን ይነካል?» አልሁ።

«የምን ድንጋይ?»

«የመሐንዲሱን ክምር ነዋ። በኖራ የተቀባውን።»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ያዙ። «እሱን ውበቱ አይደለም፤ እኛ ነን» አሉ።

«እናንተ ማን ናችሁ?»

«እኛ ለጊዮርጊስ የሄድን ሴቶች። ኮረብታው ጫፍ ላይ በኖራ ያማረ ክምር አየን፣ ጨርቅም አለው። ሰውዬው ሃይማኖት ገብቶት መሳለሚያ ሠራ ብለን ደስ አለን። ግን ልጄ፣ ሞኝ ነው፤ ከዚያ ላይ ደብሩ አይታይም፣ ዋርካው ይጋርደዋል። ከማይታይበት ማን ይሳለማል? ከወዲህኛው ኮረብታ ነው ጣራው ቁልጭ የሚለው። ተቀባብለን ወሰድንለት። አርባ ሴት ነን፣ እስከ እኩለ ቀን ጨረስን። ጨርቁንም አጥበን ሰቀልንለት።»

ሁለቱ ኮረብታ መንታ ናቸው፤ ቢተውም እኔም ነጭ ክምር አየንና መነጽሩን ከሥሩ ተከልን፣ በቃ። ሳቄ አፈነኝ። አርባ ሴት ዓለምን በግማሽ ቀን አሳንሰው ከአሥር ቀን መንገድ ውስጥ ከተቷት። እማሆይ ለምን እንደምስቅ አልገባቸውም፤ ተቀየሙኝ። ዱቄት እጥፍ ሰጠሁ።

ግንቦት 3

ለመሐንዲሱ ነገርሁት፣ እንዳለ። መሳለሚያ ምን እንደሆነ አስረዳሁት፦ መንገደኛ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ከሚታይበት ቦታ ቆሞ ይሳለማል፣ ድንጋይም ያኖራል። ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ተነሥቶ ለማጆሩ ደብዳቤ ጻፈ፤ አነበበልኝም። የአገሩ ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ምልክቶችን እንደሚያዛውር፣ ስለዚህ ሦስቱም ክምሮች ፈርሰው እንደ አዲስ መሠራት እንዳለባቸው፣ ልኬቱም ሁሉ ከመጀመሪያው መደገም እንዳለበት ይላል።

«የተንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ነው እኮ ሲኞር» አልሁት። ይኸን ለምን እንዳልሁ አላውቅም። አፌ ነው።

«አንዱ ከተንቀሳቀሰ ሌሎቹን በምን አምናለሁ?» አለኝ። ሞኝ አይደለም፤ ጠንቃቃ ነው።

ግንቦት 16

ክምር ይፈርሳል፣ ክምር ይሠራል። ኖራ አለቀ፤ ኖራ እስኪመጣ ስድስት ቀን። ወደ በረሃው በኩል መነጽር ማዞር አይወድም፤ «ጭጋግ ነው» ይላል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ዓይኑ እየደከመ ይሆን።

ዛሬ «ጥያቄ የለህም?» አለኝ። የለኝም አልሁ። ፊቱ ጠቆረ። «ማጆሩ ዓርብ ይመጣል። ጥያቄ ብታገኝ ጥሩ ነው» አለ።

ሆዱ የራበው ሰው እንኳ እንዲህ አይለምንም። ለጥያቄ የሚስገበገብ ሰው ነው።

ግንቦት 17

ይታይሽን ለመንኋት። በሕይወቴ ሚስቴን ጥያቄ ለምኜ አላውቅም።

እንቁላል አነሣች። «ማቶቱ ቀዳዳ አለው፣ ቅሉ ወገብ አለው። ይኸ ምንም የለውም። የትም ብታሥረው ይንሸራተታል።»

«ስለዚህ የተዘጋ ቀጥተኛ መንገድ የለውም» አልኋት፣ በአዋቂ ድምፅ።

«ቆይ» አለች። የክር ቀለበት በእንቁላሉ ሹል ጫፍ አጠለቀች፣ ቀስ አድርጋ እያሰፋች ወደ ሆዱ አወረደች፣ እያጠበበች በወዲያኛው ጫፍ አወጣችው። «እዚህ ሲሆን ወደዚህ ይንሸራተታል። እዚያ ሲሆን ወደዚያ። በመካከል ወዴት እንደሚንሸራተት የማያውቅበት ቦታ የለም ወይ?»

ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆየሁ።

ግንቦት 18፣ ዓርብ

ማጆሩ መጣ። መሐንዲሱ እንቁላል ይዞ አገኘው።

ለመሐንዲሱ ጠዋት «ጥያቄው የባለቤቴ ነው፤ የማቶቱም የእሷ ነበር» ብዬ እውነቱን ነግሬዋለሁ። ቀና ብሎ አየኝና «አውቄ ነበር። አንተ ስትጠይቅ ሦስት ቃል ይበዛል» አለ። ይኸ እስክሞት ይቆጨኛል። ማጆሩ ከሄደ በኋላ የነገረኝ መልስ ግን እንዲህ ነው፦ ቦታው አለ። እንቁላል ብቻ አይደለም፤ እንደ ድንች የተጣመመም ቢሆን፣ ልሙጥ እስከሆነ ድረስ ሁሌም አለ። በአገሩ ባሉት መጻሕፍት ከተረጋገጠ ገና ሃያ ዓመት ገደማው ነው። እንዲያውም ሦስት አሉ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ገና እየተከራከሩ ነው አለ። ይታይሽ ከአክርማ መካከል ሆና እዚያ ደርሳለች።

ማጆሩ በር ዘግቶ ተናገረው። ድንኳን ነው፤ በር ቢዘጋም ይሰማል። «አራት መቶ ችካል ነበር የሚጠበቅብህ፤ ስልሳ ተክለሃል። ለማን ነው የምትሠራው?» አለው። መሐንዲሱ የመለሰውን አልሰማሁም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረ።

ግንቦት 29

ትእዛዝ፦ መንገዱ እስከ ሰኔ 10 አፋፍ ካልደረሰ ሌላ መሐንዲስ ይመጣል። ሌት ተቀን ይነዱናል። ሠላሳ ችካል በቀን። ሊደርስ ነው። እማሆይ «ማዘግየቱ አቃተህ ወይ?» ብለው ላኩብኝ። አልተኛሁም። ገበያ ላይ ያቺ ጌሾ ሻጭ ዛሬ እንኳ ጨምራ ሰፈረችልኝ።

ሰኔ 5

የቀረው አንድ ኮረብታ ነው። ከዚያ ወዲያ አፋፉ።

መሐንዲሱ መነጽሩን ተክሎ እንደቆመ ጣለው። እግሩ ነካው። ሦስቱ እግሮች ተዘረጉ፣ መነጽሩ ቋጥኝ ላይ ወደቀ፣ መስታወቱ ተሰባበረ። ቢተው ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ ደግሞ የት እንደማይ ጠፋኝ። ይህን የመሰለ ጠንቃቃ ሰው!

«ሌላ መነጽር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት» አለ። ሰማዩን አየ። ከምዕራብ ጠቁሯል።

ሰኔ 8፣ ሐሙስ

ዝናብ። ከቀትር ጀምሮ አላባራም። የማጆሩ መኪና ከከተማው ወጣ ብሎ መረሬው ውስጥ እስከ ሆዱ ሰመጠ። በበሬ ጎተቱት። አልወጣም። ቢተው ለመሳቅ ከቤት ጀርባ ሄደ።

ተርፈዋል። አማቴ ተርፈዋል። ከዋሻ ሲወጡ እንደተለመደው «ያ ደብተራ» ብለው ይጠሩኛል፤ አልከፋም። እኔ ስልሳ ቀን ሰረቅሁ፤ በጥያቄና በእንቁላል። ዛሬ ትንሽ ብኩራራ እግዜር አይቆጣኝም።

ሰኔ 13

መሐንዲሱን ያዙት። የመንግሥት መሣሪያ ሆን ብለህ ሰብረሃል፣ ሥራ አጓትተሃል ተብሏል። ማጆሩ በእኔ በኩል ቢተውን ጠየቀው፤ ቢተው «ተደናቀፈ» አለ፤ እኔም ተረጎምሁ። መሐንዲሱ ግን በመካከል ገባ። «ልጁን አታስቸግሩት፤ አስተርጓሚውም ምንም አያውቅ። እኔ ነኝ» አለ፣ በራሱ ቋንቋ። ማጆሩ ለተሰበሰበው ሠራተኛ በአማርኛ እንድደግመው አዘዘኝ። ቃል በቃል አስተረጎምሁ፤ ከአፌ የወጣ ከባድ ነገር ያ ነው።

ሰኔ 15

በበቅሎ ወሰዱት። መኪና አልተንቀሳቀሰም። አራት ወታደር ከፊት፣ አራት ከኋላ። እስከ አምበር አብሬው እንድሄድ ለመንሁ፤ ፈቀዱ። ዝናቡ ከባርኔጣው ይንጠባጠባል። አምበር ስንደርስ ከካፖርቱ ውስጥ በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር አውጥቶ ሰጠኝ። «ጥያቄዎቻችን ናቸው» አለ። «ለባለቤትህ።» እጁን ጨበጥሁት። ሕዝብ እያየኝ ነው የጨበጥሁት።

ሰኔ 16

ደብተሩን ከይታይሽ ጋር ተቀምጠን አነበብነው። እኔ እያነበብሁ፣ እሷ እየሰፋች።

ጥያቄዎቹ በሙሉ አሉ፤ ከእነ ቀናቸው። የሎሚው ጥያቄ፣ እሑድ የጠየቅሁት፣ እሑድ ማታ ተመልሷል፤ ሥዕሉም ተሥሏል። ከሥሩ «ሰኞ ይታይ፣ ማክሰኞ እንነሣ» ይላል። የኳሱና የቅሉ፣ ረቡዕ የጠየቅሁት፣ ያንኑ ዕለት ረቡዕ ተመልሷል። ከሥሩ «ቅዳሜ ይነገረው።» የማቶቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ፤ «አራት ቀን።» የእንቁላሉ ዓርብ ጠዋት፤ ከሥሩ «ይህች ሴት መማር ነበረባት። ማጆሩ እስኪሄድ አልመልስም።»

የይታይሽ ወስፌ ቆመ።

እኔ ስልሳ ቀን ሰረቅሁ እያልሁ ስኩራራ የነበርሁ ሰው፣ አንድም ቀን አልሰረቅሁም። እሱ ነው እየቆጠረ የሰጠኝ። ሳቅሁበት፣ ቂል አልሁት፣ ዓይኑ ደክሟል አልሁ። እንደማንም መንገደኛ ሸኘሁት፤ አመሰግናለሁ እንኳ አላልሁም። ወረቀቱ ላይ እንባዬ ወደቀ፤ ይታይሽ በጋቢዋ ጫፍ አደረቀችው።

የመጀመሪያውን ገጽ ያነበብነው መጨረሻ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 28 ተጽፏል። እኔን ከመቅጠሩ በፊት ነው፤ ቢተው እንደነገረኝ ወታደሮቹ ምሳ ሲበሉ ብቻውን አፋፉን ለማየት የሄደ ዕለት። ቁጥር የለበትም፤ ሥዕልም የለበትም። ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ «ከአፋፉ ሥር ጭስ። በመነጽር አየሁ፤ ሴቶችና ሽማግሎች፣ እህል ያሰጣሉ። ሕፃናት ቆጠርሁ፣ አሥራ አራት። ለማንም አልነገርሁም።»

ይታይሽ «እንደገና አንብበው» አለች። አነበብሁ።

«ስንት ሕፃናት ይላል?»

«አሥራ አራት።»

ስፌቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አሥራ አምስት ናቸው» አለች። «ከእናቴ ጋር የተሸሸገችው የሥራነሽ ልጅ ያኔ የአንድ ወር ነው፤ ታዝሎ ነው ያልታየው። ጻፍበት።»

እርሳስ አነሣሁ፤ ከእሱ መስመር ሥር በእኛ ፊደል አሥራ አምስት ብዬ ጻፍሁ።